ምስማሩን ትታችሁ አሸንዳውን እዩት

አንዲት አነስተኛ የኅትመትና የመጽሐፍ ጥረዛ ስቱዲዮ ለዓመታት ተዘግቶ በኖረ ታሪካዊ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ክፍል ልከራይ ብላ ጠየቀች። የቅርስ ኃላፊው ሰሞኑን ከለከሏት። ምክንያታቸው "ግድግዳው ላይ ምስማር ይመታሉ" የሚል ነው።

ምስማር! በምስማር የፈረሰ ሕንፃ ያየ ካለ ይንገረኝ። የምስማር ቀዳዳ በኖራ ተደፍኖ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሕንፃ የሚፈርሰው በውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ የሚወደው ሰው የሌለበትን ቤት ነው። አሸንዳው በቅጠልና በእርግብ ኩስ ይደፈናል። ዝናቡ መውረጃ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የአግዳሚውን ጫፍ ያገኘዋል። እንጨቱ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ጫፉን በቢላ ቢወጉት ግን ስለቱ እስከ እጀታው ይሰምጣል። በተዘጋ ቤት ይህን ማን አይቶ ይጮኻል? ወረቀት የሚያከማች ሰው ቢኖርበት ኖሮ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ በታየ ማግስት ስልክ ይደወል ነበር፤ እርጥበት የእንጀራው ጠላት ነውና። ደመወዝ የማይጠይቅ፣ እንዲያውም ኪራይ የሚከፍል ዘበኛ እምቢ የሚባለው በየትኛው ስሌት ነው?

ደግሞ ይህ ሁሉ ስስት "እድሳት" ሲመጣ የት ይገባል? በኖራ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ማንም አይደነግጥም። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ አፍኖ ያስቀረዋል፣ ድንጋዩም ከውስጥ ይበላል። ለሲሚንቶው ዝም፣ ለምስማሩ እሪ! አዛኝ ቅቤ አንጓች ማለት ይኼ ነው።

"ቅርስ የሥራ ቦታ አይደለም" የሚሉም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1877 በእንግሊዝ የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ዊሊያም ሞሪስ፣ በ1881 የሽመናና የጨርቅ ማተሚያ ወርክሾፑን ይዞ የገባው በለንደን አቅራቢያ ሜርተን አቢ በተባለ ስፍራ ወደሚገኙ አሮጌ ሕንፃዎች ነው። ከሞሪስ በላይ ተቆርቋሪ ነን ካሉ ይቅናቸው። ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ አንቀጽ 5ም ሕንፃውን ለማኅበረሰብ በሚጠቅም ሥራ ላይ ማዋል ጥበቃውን ያግዛል ይላል፤ ገደቡ የክፍሎቹን አቀማመጥና ጌጡን አትለውጡ ነው። ይህን ገደብ የሚጥሰው ደግሞ ግድግዳ አፍርሶ ሊፍት የሚያስገባው ባለገንዘብ ተከራይ ነው። ሁለት ክፍል የሚከራይ ባለሙያ መደርደሪያውን ወለሉ ላይ ያቆማል፣ መብራቱን በመቆሚያ ያበራል፣ ሲለቅም ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል። ለማፍረስ የሚሆን ገንዘብ የለውማ!

እሺ፣ ተከራዩ ሸክላ ሠሪ ከሆነ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚግል የሸክላ እቶን እንጨት ወለል ላይ አይቀመጥ። ከባድ የብረት ማተሚያም መሐንዲስ አይቶት ምድር ቤት ይግባ። ይህ ግን ውሉ ውስጥ የሚጻፍ አንቀጽ ነው እንጂ በር የሚያዘጋ ምክንያት አይደለም።

ኃላፊው በውሳኔያቸው ከጸኑ ሁለት ነገር ይጻፉልን፦ አሸንዳው ለመጨረሻ ጊዜ የተጠረገበትን ቀንና ጣሪያው ላይ የወጣውን ሰው ስም። ከሌላቸው ቁልፉን ለስቱዲዮዋ ያስረክቡ።