ቦታ ሰጡን፣ መንገዱን ረሱት

ዛሬስ በዛ! የባጃጁ ልጅ አስፋልቱ ጫፍ ላይ አቆመና «እናቴ፣ ከዚህ በላይ ኮንትራት ነው» አለኝ። ከነዘንቢሌ፣ በዚህ ብርድ! ደብረ ብርሃን እኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማታ ማታ ውርጩ አጥንት ሰብሮ ይገባል።

ለቤት መሥሪያ ቦታ በማኅበር ተደራጁ ተባልን፣ ተደራጀን። በዝግ አካውንት ቆጥቡ ተባልን፣ ቆጠብን። ዕጣ ሲወጣ እልል አልን። ቦታው የት ነው? ከገብስ ማሳው ማዶ! ከዚያ ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በምን ይኬዳል? በጸሎት።

ፕላኑ ላይ እኮ ሰፊ መንገድ አለ። አይቼዋለሁ፣ ሲያምር! መሬት ላይ ግን ጭቃ ነው። ክረምት ሲገባ ባጃጁ ጭራሽ ዝር አይልም። አልፈርድበትም፣ ጎማው የራሱ ነው።

መኪና ያለው መሀል ከተማ ይኖራል። መኪና የሌለው ዳር ይወጣል። ማን ነው ይህን ያሰላው? የቤት ኪራይ ሸሽተን ወጣን፤ ያችው ኪራይ አሁን ለባጃጅ ትከፈላለች። ቦታ የሚሰጠው ቢሮና ታክሲ የሚመድበው ቢሮ ቡና እንኳ አብረው አይጠጡም? ለነገሩ ደብዳቤ አስገብተን ነበር። «ወደሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልን። እሱም በእግሩ እየሄደ ይሆናል።