አጥሩ ተቀበረ

አበሻ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አጥር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መሬት ያገኘ ሰው ቤቱ ይቆየው እንጂ ቆርቆሮው አያድርም። አጥሩ ወደ ግንብ ሲያድግ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተከልበታል፤ በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ውሻው ባይኖርም ጽሑፉ ይኖራል።

አንድ ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ 5 ኤከር ላይ ያረፈ ቤት ገዛ። በሀገር ቤት ስሌት ስምንት ጥማድ ገደማ መሆኑ ነው። ከአሌክሳንድሪያም ከሲልቨር ስፕሪንግም ዘመድ አዝማዱ እንኳን ደስ ያለህ ሊል ጎረፈ። ጓዳውን አዩ፣ ምድር ቤቱን አዩ፣ ጓሮውን አዩ። ከዚያ ሁሉም አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «አጥሩስ?»

አጥር የለም። ጎረቤቶቹም የላቸውም። ወሰኑን የምታውቀው ሣሩ የታጨደበትን ቁመት አይተህ ነው። ችግሩ ግን ሰውዬው ሁለት ውሾች አሉት። ቡቺ ላብራዶር ናት፤ ምግብ ካልቀረበ ከቦታዋ አትነሳም። ሁለተኛው ሃስኪ ነው፤ እሱ ግን በር ገርበብ ሲል ካየ ሜሪላንድ ሳይደርስ የሚመለስ አይነት አይደለም።

5 ኤከር ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ቢሆን ዙሪያው 570 ሜትር ገደማ ነው። ይህን በእንጨት ለማጠር ባለሙያ ዋጋ ሲነግረው ጓደኛዬ ስልኩን ከጆሮው አውጥቶ አየው። በዚያ ላይ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር፣ ያ ኤችኦኤ የሚሉት ነገር፣ ከፊት ለፊት የሚታይ አጥር አይፈቅድም። የማይታይ አጥር ግን ይቻላል።

የማይታይ አጥር አለ ወይ? አለ። ሪቻርድ ፔክ የሚባል አሜሪካዊ በ1973 እ.ኤ.አ. ፓተንት አውጥቶበታል። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ፈረንጅ የውሻ አጥር መሬት ውስጥ ቀብሯል ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋራዥ ውስጥ አንዲት ሳጥን ግድግዳ ላይ ትሰካለች። ከእሷ የሚወጣ ሽቦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ገብቶ ግቢውን ዞሮ እዚያው ሳጥን ላይ ይገጥማል። ሽቦው የሬዲዮ ምልክት ይልካል። ውሻው አንገት ላይ ያለው ኮላር ወሰኑ ሲቃረብ መጀመሪያ ይጮኻል። አልመለስም ካለ ይነዝረዋል። ዌልስ በ2010 የሚነዝሩ ኮላሮችን ከልክላለች። ቨርጂኒያ ግን ዌልስ አይደለችም።

ከመቆፈር በፊት 811 ይደወላል። አሜሪካ ውስጥ መሬት ከመንካትህ በፊት የምትደውልበት ቁጥር ነው፤ በነጻ መጥተው ከታች ምን እንዳለ በቀለምና በትንንሽ ባንዲራ ምልክት ያደርጉልሃል። ቀይ ለኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ለጋዝ፣ ሰማያዊ ለውሃ፣ ብርቱካናማ ለስልክና ለኢንተርኔት። የጓደኛዬ እናት ለጥየቃ ከጎንደር የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው። ማለዳ ተነሥተው በመስኮት ሲያዩ ሜዳው ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል።

«ዛሬ ምን በዓል ነው?» አሉ።

ቁፋሮው በተከራየ ማሽን በአንድ ቅዳሜ አለቀ። ኤሌክትሪክ አውቃለሁ የሚል ዘመድ ግን አይጠፋም። ከጋራዡ እስከ ወሰኑ የሚሄደው ሽቦ ሁለት ሆኖ መገመድ አለበት። ሲገመድ ምልክቱ ይጠፋፋል፣ ውሻውም ያለ ችግር ይሻገረዋል። ዘመድየው ግን «ይሄን የተወሳሰበ ነገር ማን ሠራው?» ብሎ በጥንቃቄ ፈትቶ አቃናው። ቡቺ የገዛ ጋራዧ ደጃፍ ላይ ተነዝራ ቀኑን ሙሉ ከሶፋ ሥር አልወጣም አለች።

የበለጠው ትርኢት ግን ወንዶቹ ኮላሩን ሲሞክሩ ነበር። እሳት ተያይዟል፣ ሥጋው ይጠበሳል፣ ቢራ በእጅ ነው። አንዱ «ይሄማ ምን አላት?» አለ። «እኔ ኮልፌ ቆጣሪ በባዶ እጄ ስቀጥል ያደግኩ ሰው ነኝ!» ኮላሩን ጨብጦ ለውሾቹ ወሰኑን ለማሳየት ወደተተከለው ነጭ የማሠልጠኛ ባንዲራ ሄደ። ኮላሩ ጮኸ። አልተመለሰም። ኮላሩን የመጨረሻው የንዝረት ደረጃ ላይ ማን እንዳደረገው እስካሁን አልታወቀም። ቢራው በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ሄዱ።

«አልነዘረኝም» አለ፣ ሣሩን ከሱሪው እያራገፈ። «ደንግጬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። ሁሉም መደንገጥ ፈለገ። ውሾቹ በረንዳ ላይ ተኝተው ያዩ ነበር። ለእነሱ ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ በማሰሪያ ይዘህ ወደ ባንዲራው ትወስደዋለህ፣ ሲጮኽ ትመልሰዋለህ፣ ታመሰግነዋለህ። ወንዶቹ ግን መላሽም አመስጋኝም አልነበራቸውም።

እማማ ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው አስቀመጡት።

«አጥሩ የታለ?»

«ተቀብሯል እማዬ።»

«ምን ነክቶት?»

ሲያስረዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«ሌባ ቢመጣስ?»

«ሌባን አይመለከትም። ለውሾቹ ነው።»

«ውሻው እናንተን ሊጠብቅ ነው ወይስ እናንተ ውሻውን ልትጠብቁ?» መልስ አልጠበቁም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል ነበር። የዚህ አገር ጅብ ቀዳዳም አያስፈልገው።»

«እዚህ ጅብ የለም። ኮዮት ነው ያለው፤ የቀበሮ ዘመድ ነው።»

«ይገባል?»

«ይገባል።»

«ሲፈልግ ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«ውሻውስ?»

«አይወጣም።»

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

እውነት ለመናገር አጥሩ ሠርቶ ነበር። ሃስኪው እንኳ ወሰኑ ጋ እየደረሰ ይመለስ ጀመር። አንድ ሌሊት ግን ቤቱ ውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽቦ ሲበጠስ ሳጥኗ ትጮኻለች። ግን አበሻ ቤት ጢጥ ሲል ማን ይደነግጣል? ቡናው እየተቆላ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ የጭስ ጠቋሚው ሲጮኽ ነው የሚውለው። ባትሪው ነው ተብሎ ተተኛ።

ሽቦውን የበጠሱት እማማ ናቸው። ፀሐይ በደንብ የሚያገኘውን ጥግ መርጠው ለጎመን መደብ ሲቆፍሩ ነው። 811 አልደወሉም። ሃስኪው ኮላሩ ዝም ማለቱን ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀበትም፤ ሄደ። ቡቺ ግን ምንም በሌለበት ወሰን ፊት ቁጭ ብላ ከረመች። ሽቦው ሞቷል፣ እሷ አሁንም ታከብረዋለች። መሥሪያ ቤት ውስጥም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ አለቃው ጡረታ ወጥቶም ቢሮው በር ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሽቦው ተቀጥሎ ሲያበቃ ሃስኪው ተመለሰ። መግባት ግን አልቻለም። ሲወጣ የሞተው ሽቦ ሲመለስ ሕያው ነበር፤ ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ አይለይም፣ ይነዝራል። ውሻው ከወሰኑ ማዶ ቆሞ ያላዝን ገባ። ጓደኛዬ ሳጥኗን ሊነቅል ወደ ጋራዥ ሲሮጥ እማማ በሳህን የተረፈ ወጥ ይዘው ወጡ። «ቪዛ ከልክለውት ነው» አሉ።

የጎመን መደቡ አሁንም እዚያው ነው፣ ሽቦው በመካከሉ ያልፋል። ቨርጂኒያ ደግሞ የአጋዘን አገር ናት። ከሽቦው ማዶ ያለውን ግማሽ እስከ ሥሩ በሉት። ወዲህ ያለውን አልነኩም፣ ሁለቱ ውሾች ወሰኑ ላይ ቆመው ስለሚጮኹ። አጋዘኖቹ ይህን አውቀውታል፤ ከሽቦው አንድ እርምጃ ወዲያ ሆነው ቀስ ብለው ያላምጣሉ።

እማማ ሰሞኑን ልጃቸውን የያዙት በዚህ ጉዳይ ነው። ለአጋዘን የሚሆን ኮላር ስንት ነው ይሉታል። እሱም ዋጋ አጠይቃለሁ ብሏቸዋል።