ውዳሴ ታፔላ

ከቃሊቲ ተነስቶ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚወርድ መንገደኛ፣ በአካባቢያችን ከተተከለው ሁሉ በእውነት የጸደቀው ታፔላ ብቻ መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳል። ችግኙ በመጀመሪያው በጋ ደርቋል፤ ቦኖው አንዱን ቧንቧ ለሌባ፣ ሌላውን ለዝገት አስረክቧል። የለጋሹን፣ የአጋሩንና የአጋሩን አጋር ዓርማ በረድፍ የያዘው ታፔላ ግን «የፕሮጀክቱ ቆይታ፦ 18 ወር» የሚል ጽሑፉን እንደታቀፈ፣ ጎረቤቴ በጓን የምታስርበት ጽኑ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። ለሲሚንቶው የተመደበው ገንዘብ በሙሉ ለታለመለት ዓላማ መዋሉን እኔ ራሴ እመሰክራለሁ።

ለጋሾቻችንን ከሁሉ አብልጬ የማደንቃቸው ግን ፎቶግራፍ የማያምርበትን ነገር ያለማየት ጸጋ ስለተሰጣቸው ነው። ትንሹም ትልቁም አቃቂ የፋብሪካውን ፍሳሽና የመጸዳጃ ቤቱን ጉድ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በመንገዳቸው ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ፤ የቀረውን አባ ሳሙኤል ግድብ ይረከባቸዋል። ይህን ከምንጩ ለማስቆም ፍሳሹን በየጊዜው የሚለካ፣ ፋብሪካውን የሚሞግት፣ የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ደጅ የሚጠና፣ ለዓመታት ሳይቋረጥ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋል። ደጅ ለሚጠና ሰው ደግሞ ሪባን አይቆረጥለትም። ስለዚህ በታችኛው ዳርቻ ለሚኖሩት አትክልተኞች ስለ እጅ መታጠብ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ ከኮፍያና ከቲሸርት ጋር፣ ይሰጣቸዋል።

ቀደም ሲል ለዚህ ልማድ ጥሩ ሰበብ ነበረው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ያግድ ስለነበር፣ «እጃችን ታስሮ ነው» ማለት ይቻል ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እገዳውን ሲያነሳ ሰበቡም አብሮ ተነሳ፤ ልማዱ ግን፣ ተመስገን፣ ንክች አላለም። ማኬንዚ ስኮት የተባሉት አሜሪካዊት ባለጸጋ ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውሉት ውሳኔውን ለተቀባዮቹ እየተዉ ይሰጣሉ፤ እንዲህ ያለው መረን የለቀቀ እምነት ወደ እኛ ሰፈር ዝር ብሎ አያውቅም።

እኔ ጸሐፊ የሆንኩበት እድር አንድ ጊዜ ተሳስቶ፣ ወንዙን ለ5 ዓመት እንከታተል ብሎ ፕሮፖዛል አስገብቶ ነበር። የተላከችልን ወጣት ባለሙያ የእድሩን ዳኛ በትሕትና «አባባ፣ የቀጥታ ተጠቃሚዎቹ ስንት ናቸው?» አለቻቸው።

«ወንዙ የሚደርስበት ሁሉ ነው፣ ልጄ።»

«በቁጥር ነው የምፈልገው፤ ወንድና ሴት ተለይቶ።»

ዳኛው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ሰላጣ የሚበላውን ሁሉ ጻፊ» አሏት። ፕሮፖዛሉ ወደቀ፤ ሥልጠናው ግን ወዲያው ተፈቀደልን።

በሥልጠናው በሦስተኛው ቀን ከሆቴሉ ምሳ ጋር ዓይን የሚስብ ሰላጣ ቀረበ። ዳኛው አስተናጋጁን ጠርተው ከየት እንደመጣ ጠየቁት። «ከአቃቂ ነው አባባ፤ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው» አላቸው። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ስለነበርኩ፣ የቀጥታ ተጠቃሚዎች በሚለው ክፍት ቦታ ላይ ያለ አንዳች ጭንቀት ሞላሁ፦ ወንድ 22፣ ሴት 18።