ሃያ ጊዜ መገልበጥ ቃል አያስይዝም

ሰሞኑን አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጪ ተቋም ለክረምት ተማሪዎቹ ያወጣው መመሪያ ያናድዳል። ልጆቹ በየቀኑ 50 እንግዳ የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣቸውና እያንዳንዱን 20 ጊዜ ጽፈው ይመጣሉ። ወላጆች ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ደግሞ ይብሳል፦ «አባቶቻችን ውዳሴ ማርያምንና ዳዊትን የያዙት በመሸምደድ አይደለም እንዴ?»

አይደለም! የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ይህን አይልም። የቆሎ ተማሪ አንዱን ክፍል 20 ጊዜ ብሎ አይተወውም። የተቀበለውን ማታ በቃሉ ይለዋል፤ በማግስቱ የኔታ ፊት ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ከሳተ እዚያው ይታረማል። ውዳሴ ማርያምም ዳዊትም ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍለው ስለሚደገሙ፣ የሰኞው ክፍል በሳምንቱ ሰኞ ተመልሶ ይመጣል፤ ያውም ዕድሜ ልክ። ትምህርቱን ያጸናው መመላለሱና ከቃል መውጣቱ ነው። ተቋሙ ከአባቶች የወሰደው ድካሙን ብቻ ነው፤ ዘዴውን ጥሎታል።

ሒሳቡን እንየው። 50 ቃል 20 ጊዜ ሲጻፍ 1000 ይሆናል። ለአንዱ 8 ሰከንድ ቢበቃ እንኳ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ደብተሩን መግለጥ ነው። ከሦስተኛው መስመር በኋላ ልጁ ቃሉን መጻፍ ትቶ የመጀመሪያዋን ፊደል ከላይ እስከ ታች ይደረድራል፤ ቀጥሎ ሁለተኛዋን፣ ቀጥሎ ሦስተኛዋን። እጁ ገጽ ሞልቷል፤ አእምሮው ግን ቃሉን አላነበበውም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ በሦስት ቀን የተከፋፈለ 38 ድግግሞሽ በአንድ ቀን የታጨቀ 68 ድግግሞሽ ያህል ሠርቶለታል። ይህ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል!

አንድ ቃል እንውሰድ፦ ዩቢክዊተስ። የትም ብትሄዱ የማይጠፋ ነገር የሚገለጽበት ቃል ነው፤ የመጣውም «በየስፍራው» ከሚለው የላቲን ቃል ከኡቢክዌ ነው። ሲነበብ ጠንከር የሚለው ሁለተኛው ክፍል «ቢክ» ነው። ለእኛ ልጆች ከዚህ የተሻለ መያዣ ከየት ይመጣል? ቢክ እስክሪብቶ በየተማሪው ኪስ፣ በየሱቁ፣ በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ አለ። ይህን በዓይነ ሕሊናው አንዴ የሣለ ልጅ ድምፁንና ትርጉሙን አብሮ አሰረ። ከዚያ ትንሽ ወረቀት ይቁረጥ፤ በፊቱ ላይ ቃሉ የጎደለበት ዓረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ ሞባይል ስልክ የትም እንደሚገኝ የሚናገር፣ በጀርባው ላይ ቃሉን ይጻፍ። ወረቀቱን ሳይገለብጥ መልሱን ጮክ ብሎ ይበል። በዚያው ማታ፣ በማግስቱ፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ16ኛውና በ30ኛው ቀን ይመለስበት። ከሳተ ከመጀመሪያው ይጀምር። በቀን 5 አዲስ ቃል ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ የሚከለሰው ወረቀት ይከመርና ልጁ በሁለተኛው ሳምንት እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ዓረፍተ ነገሩ ለጌጥ አይደለም። ቃሉን ከዝርዝር ያጠና ተማሪ ትርጉሙን «ብዙ» አድርጎ ይይዝና «በክፍላችን ዩቢክዊተስ ተማሪዎች አሉ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ሌላው የዝርዝር ጥፋት የሚመሳሰሉ ቃላትን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው። ስመ ጥር የሚባለው ኤሚነንትና ሊደርስ የተቃረበው ኢሚነንት በአንድ ቀን ከተጠኑ ልጁ ሁለቱንም ያምታታል፤ አንዱ እስኪጸና ሌላው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ።

መጻፍ የሚጠቅመው ለፊደል አጣጣል ነው፤ ለእሱም ሳያዩ 3 ጊዜ መጻፍ ይበቃል።

ተቋሙ በነሐሴ መጨረሻ ልጆቹን በዚያው ዝርዝር ፈትኖ ውጤቱን ለወላጆች አሳያለሁ ብሏል። ትናንት ማታ የተሸመደደን ዛሬ ጠዋት መፈተን ማንንም አያሳምንም። ፈተናው ኅዳር ላይ ይሁን። ዝርዝሩ ይታጠፍ፣ አማርኛው ይሰጥ፣ ልጆቹ እንግሊዝኛውን በዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከተሰጣቸው ቃል ስንቱ በአእምሯቸው እንደቀረ ያኔ ለወላጆች ይነገር።