ይድረስ ለ“ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ”

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አካባቢ ጋዜጣ ተከራይቼ የሥራ ማስታወቂያ ለማንበብ በቆምኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው እርስዎን ነው። ምግብ ሳይንስን አይቼ አልፋለሁ፤ ኬሚስትሪንም አይቼ አልፋለሁ። ከሁሉም ኋላ እርስዎ ብቅ ሲሉ “ተመስገን፣ እኔንም አልረሱኝም” እላለሁ። ባለፈው ማክሰኞም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ማስታወቂያው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ የምግብ ፋብሪካ ነው፤ ስሙን እርስዎ ያውቁታል። “ረዳት የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ፤ በምግብ ሳይንስ፣ በኬሚስትሪ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ 0 ዓመት” ይላል። በ37 ዓመቴ 0 ዓመት የሚፈልግ ቀጣሪ ማግኘቴ ራሱ ደስ አሰኝቶኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣሁ፤ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፋብሪካው በር ደረስኩ። ሰልፉን አልነግርዎትም። ማስታወቂያው “ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ” ስለሚል ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስበረታታ ቆየሁ።

ተራዬ ደርሶ ማስረጃዬን በመስኮቱ ሳስገባ መዝጋቢው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እንዳያስቀይመኝ ተጠንቅቆ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ “እናቴ፣ ለልጅዎ ከሆነ አመልካቹ ራሱ መቅረብ አለበት” አለኝ።

ከኋላዬ የቆሙት ሳቁ። አመልካቿ እኔው መሆኔን ነገርኩት። ልጁ ደነገጠ፤ ለካሳ ይመስለኛል፣ ወረቀቴን ከማንም ሰው ወረቀት ይልቅ ረጋ ብሎ አነበበው።

“ባዮሎጂ ነው የሚለው።”

“አዎ።”

“ባዮሎጂ ተዛማጅ አይደለም።”

ማስታወቂያው መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። “ማይክሮ” ከሚለው ቀጥሎ ባሉት አራት ፊደላት ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ልጁም ጎንበስ ብሎ አነበባቸው። “እሱማ የሥራ መደቡ ስም ነው” አለኝ።

ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። ለካስ የእርስዎ ዘመዶች በስም ተዘርዝረው ኖሯል! ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶው ጫፍ ወረደ፤ አዙሮም ጀርባውን አየልኝ። የለሁበትም። “ተዛማጅ መሆኑን የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲዎ ያምጡ” ብሎ ወረቀቴን ሊመልስልኝ ሲል ከሥር ያለችውን የድሮ ዲፕሎማዬን አያት። ፊቱ በራ።

“የሒሳብ አያያዝም አለዎት እንዴ? ከ11 ዓመት ልምድ ጋር? ገንዘብ ያዥ እኮ እንፈልጋለን! ለእሱ ያለምንም ጥያቄ ብቁ ነዎት።”

ከልቡ ነበር። ደስ ያለው ለእኔ ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርብኝ። ስማኝ፤ ከዚያ ወንበር ለመነሣት አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ቀን ብር ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ለ14 ሰው አንድ ማይክሮስኮፕ ባለበት ክፍል ተራ እጠብቃለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ መብራት ይጠፋል። የባክቴሪያ ማቅለሚያው ክሪስታል ቫዮሌት ጣቴን ሐምራዊ አድርጎት ሦስት ቀን አልለቅ ሲል፣ ብር የምቆጥርለት ደንበኛ “ምርጫ ደረሰ እንዴ?” እያለ ይስቅብኛል። ልጄን ትኩሳት ይዞት ለእናቴ ትቼው ፈተና ገብቻለሁ። በ2015 ዓ.ም. የመጣውን የመውጫ ፈተናም፣ 50 በመቶውን ተሻግሬ አልፌዋለሁ። ከጥሬ ወተት ባክቴሪያ አሳድጌ፣ ለይቼ፣ ቆጥሬ አውቃለሁ። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በማሳደጊያው ሳህን ላይ እንደ ጥንዚዛ ጀርባ አረንጓዴ ሆኖ ሲያብለጨልጭ ሳይ ከወንበሬ ተነሥቼ የማሳየው ሰው ፈልጌያለሁ። ፋብሪካው የሚፈልገው ሥራ ይኸው ነው! የማትፈልጉኝ ከሆነ “ባዮሎጂ የተማረ እንዳይመጣ” ብላችሁ ጻፉ፤ ቢያንስ የታክሲዬ ይተርፈኛል። ግድግዳ ላይ በር ሥሎ ሰውን “ግባ” ማለት ግን ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?

ይቅርታ። ወደ አንቱታዬ ልመለስ።

ደብዳቤውን ፍለጋ በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። የሬጅስትራሯ ሴት እንዲህ ያለ ደብዳቤ በራሳቸው ተነሣሽነት እንደማይጽፉ ነገረችኝ፤ ፋብሪካው በደብዳቤ ከጠየቃቸው ግን በደብዳቤ ይመልሳሉ። ለፋብሪካው ስደውል ደግሞ፣ አመልካች ባልተመዘገበበት ጉዳይ ደብዳቤ አይወጣም ተባልኩ። ለመመዝገብ ደብዳቤው ያስፈልጋል። ምዝገባው “ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት” ነው፤ ዛሬ ስምንተኛው ነው።

የቆየውን ቂም ባላነሣው ደስ ይለኝ ነበር። በኪሴ ከፍዬ ለተማርኩት የወጪ መጋራት ማስረጃ አምጪ የተባልኩትን ትቼዋለሁ። ሆስፒታሎቹ የሚሹት ሜዲካል ላቦራቶሪ የተማረ ነው፤ እሺ፣ እነሱስ እውነት አላቸው። አስተምሪ እንዳልባል ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ሌላ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ አለ፤ እሱን ስጨርስ ደግሞ በእውነትም ለልጄ የማመለክትበት ጊዜ ይደርሳል። እናቴ በበኩሏ ሐኪም ሆኛለሁ ብላ ለመንደሩ ስለነገረች እሑድ እሑድ የጎረቤት ደም ግፊት እለካለሁ።

አንዳንዴ አክሊሉ ለማ ትዝ ይሉኛል። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የብልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል የደረሱበት ሰው ናቸው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። ያን ግኝት ይዘው በፋብሪካው በር ከፊቴ ተሰልፈው ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ካነበበ በኋላ፣ “አባቴ፣ ይኼ የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ሳሙና ፋብሪካ ይሞክሩ” ይላቸው ነበር። በዚያውም ቀንድ አውጣው ከወንዙ ጋር ተዛማጅ ስለመሆኑ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃቸዋል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ። ዘጠነኛው ቀን ነው። ዋናውንና የማይመለሰውን ኮፒ ይዣለሁ፤ ዲፕሎማዋን ግን ቤት ትቻታለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሬጅስትራር መስኮት
ለእናቴ
ለገንዘብ ያዡ ወንበር (እስካሁን ሰው ካልተቀመጠበት)