ምጣዱን መልሱ

የአዌቱ ወንዝ ዳር ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው።

ባለፈው ክረምት ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ገባብን። ለዚያ ሌሊት ማንንም አልወቅስም። ሕፃናቱን አዝለን፣ ሽማግሌዎቹን ደግፈን አወጣን። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ውሃው ከጎደለ በኋላ ያለው ነው።

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡትን እማማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ለስንታችን ለቅሶ ሳንቲም ሳይቀበሉ ጋግረዋል። ቤታቸውን ጭቃ ሞላው። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ የጤፉን ጆንያ አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡ። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን በጨርቅ ወልውለው አጥሩ ሥር አኖሩት። ሲመሽ ሊያስገቡት ፈለጉ። «ይደር እማማ፣ በዚህ መከራ ላይ ማን ይነካዋል?» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ጠዋት ምጣዱ የለም። ብርድ ልብሱም የለም። እማማ አልጮሁም። ምጣዱ ያረፈበት ሣር ተጨፍልቋል፤ እሱን እያዩ ቆሙ።

ያን ምጣድ ከነእግሩ አንድ ሰው አይሸከመውም። ሁለት ሆናችሁ፣ ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት። ውጭ ማደሩን ደግሞ ከሰፈራችን ሰው በቀር የሰማ የለም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መሬት ተንዶ ሰው ሲቀበር ጎረቤት ሮጦ ደረሰ። በአካፋም በእጁም ሲቆፍር ሌላ ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱ ነበሩ። ያን ዜና ሰምተን አብረን አልቅሰናል። በ1995 እ.ኤ.አ. የጃፓኗ ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስም ከ1 ሚሊዮን በላይ በጎ ፈቃደኛ ተሰልፏል። እኛ ግን አንድ ምጣድ መጠበቅ አቃተን።

ያልሰረቅነውስ ብንሆን? እማማ ጭቃውን ብቻቸውን ሲዝቁ «ፈጣሪ ያጽናዎት» ብለን አለፍን። እኔም ብያለሁ። ብዬም ቤቴ ገብቼ ቡናዬን ጠጣሁ። አካፋዬ በር ሥር ቆሞ ነበር። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ በቁሙ ቤቱ ለጠፋበት ግን ደንቡ ላይ አንዲት መስመር የለችም።

እሁድ ስንሰበሰብ ይህን አነሳለሁ። ስንት ነገር ተነስቶ እንደቀረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አነሳለሁ።

ምጣዱን የወሰዳችሁ፣ ስማችሁን አልጠይቅም። እማማ ዛሬም በውሰት ምጣድ ነው የሚጋግሩት። በሌሊት አምጥታችሁ አጥሩ ሥር አኑሩት። የግቢውን በር እኔ ነኝ የምዘጋው። እስከ እሁድ ሳልቆልፍ አድራለሁ።