የጭስ ገደብ ይላላ ወይስ እንዳለ ይቆይ?

በኮምፒውተር በሚታዘዝ የናፍጣ ሞተር ውስጥ፣ ተለክቶ ለገባው አየር ምን ያህል ናፍጣ ቢረጭ እንደሚፈቀድ የሚወስን ሰንጠረዥ አለ፤ ባለሙያዎቹ የጭስ ገደብ ይሉታል። ገደቡን ማላላት ማለት ለዚያው አየር ተጨማሪ ናፍጣ እንዲረጭ መፍቀድ ነው። ከዚህ በታች በጽሑፍ ከሚከራከሩት ሁለቱ አንዱ የሞተር ሶፍትዌር አስተካካይ፣ ሌላው የተጎዳ ሞተር አውርዶ የሚያድስ መካኒክ ነው። መነሻቸው ባለ 1.9 ሊትሩ የፎልክስዋገን ቲዲአይ ሞተርና የቦሽ ኢዲሲ 15 ኮምፒውተሩ ነው።

አስተካካዩ፦

የጭስ ገደብን ማላላት በጅምላ መወገዙ ትክክል አይመስለኝም፤ ከሚያወግዙት አብዛኞቹ ገደቡ መቼ እንደሚሠራ አይለዩምና። ኮምፒውተሩ አሽከርካሪው በእግሩ የጠየቀውን፣ የቶርክ ገደቡ (የሞተሩን የማዞር ጉልበት የሚወስነው) የሚፈቅደውንና የጭስ ገደቡ የሚፈቅደውን የናፍጣ መጠን አስተያይቶ ከሦስቱ ትንሹን ያስረጫል። ስለዚህ ተርቦው፣ ማለትም በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋው፣ በደንብ በሚነፋበት ዙር ላይ የጭስ ገደቡን ብናላላውም፣ የቶርክ ገደቡ ስለሚይዘው ብዙ ጊዜ የሚለወጥ ነገር የለም። ሞተሩን በእውነት አንቆ የሚይዘው በደቂቃ ከ2,000 ዙር በታች፣ ተርቦው ገና ሳይነሳ ነው፤ እኔም የምነካው ይህንኑ ክፍል ብቻ ነው።

ይህ ክፍል ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከቆላው ይልቅ ይብሳል። የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 474 ሲሲ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ተርቦው ሳይነፋ 570 ሚሊግራም ገደማ አየር ሊይዝ ይችላል፤ በ2,400 ሜትር ግን የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ ከ430 ብዙም አያልፍም። ሰንጠረዡ ለአንድ ግራም ናፍጣ 18 ግራም አየር የሚጠይቅ ከሆነ፣ የሚፈቀደው ናፍጣ ከ32 ወደ 24 ሚሊግራም ወረደ ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሰው ጭኖ የሚወጣ መኪና፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦም አልስብ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በስሌት የሚያስፈልገው ለአንድ ግራም 14.5 ግራም ያህል አየር ስለሆነ፣ 18ን ወደ 16.5 ባወርደው አሁንም ትርፍ አየር ይቀራል። የምጨምረው 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ይህችው ጭማሪ ግን ወደ ተርቦው የሚሄደውን ጋዝ አግላና አብዝታ ቶሎ ታስነሳዋለች። ተርቦው ከተነሳ አየሩ ይበዛል፣ ጭሱም ይጠራል።

መካኒኩ፦

ስሌትዎ ልክ ነው፤ ያሳሳተዎት 14.5 የሚለው ቁጥር ነው። በተለመደው የቤንዚን ሞተር ቤንዚኑ ከአየር ጋር አስቀድሞ ተደባልቆ ይነዳል፤ ናፍጣ ግን ታምቆ በጋለ አየር ውስጥ ተረጭቶ፣ አየር ባገኘበት ቦታ ይቃጠላል። በሲሊንደሩ ጠርዝ አየር ተርፎ ሳለ በተረጨው ናፍጣ እምብርት ግን አየር ይጠፋል፤ ጥቀርሻ የሚፈጠረውም እዚያ ነው። 18 የፋብሪካው ስስት ሳይሆን ለዚህ ያልተስተካከለ ድብልቅ የተተወ ቦታ ነው። ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጀክተር አርጅቶ ጠብታው ሲወፍር ደግሞ ያው ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጋራዤ ከሚመጡት መኪኖች ውስጥ አዲስ ኢንጀክተር ያለው ስንቱ ነው?

ከዚህ የሚብሰው ግን ገደቡ የቆመበት ልኬት ነው። ኮምፒውተሩ አየሩን የሚያውቀው በአየር መለኪያው ሴንሰር በኩል ነው። ሴንሰሩ በአቧራና በዘይት ሲቆሽሽ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል፤ ናፍጣው ይቀነሳል፤ መኪናው አይስብም። ባለቤቱ ወደ ሶፍትዌር አስተካካይ ይሄዳል፤ ገደቡ ይላላል፤ መኪናው ይስባል፤ ሁሉም ይደሰታል። ከስድስት ወር በኋላ ሴንሰሩ በአዲስ ሲለወጥ ልኬቱ ወደ እውነቱ ይመለሳል፤ የላላው ገደብ ግን እንደላላ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሞተር አውርጃለሁ፤ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወፍሮ ነበር።

በከፍተኛ ዙር ረጩ ዘግይቶ ስለሚያልቅ የሚመጣውን ሙቀት አላነሳም፤ እርስዎ ከ2,000 በታች ነው የምነካው ብለዋልና። ነገር ግን መኪናው ወደ ጅቡቲ ሲወርድ በዚያው ዝቅተኛ ዙር የሚገባው አየር ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ላይ ፈጽሞ ያልተነዳበትና ያልተፈተነ የሰንጠረዡ ክፍል ሥራ ይጀምራል። ያንን ማን ፈተሸው?

አስተካካዩ፦

ስለ ሴንሰሩ ያሉት እውነት ስለሆነ አልከራከርበትም፤ አየሩ ሳይለካ ገደብ የሚያላላ ሰው ሥራውን አልሠራም። እኔ አስቀድሜ ተርቦው በማይነፋበት ዙር ሴንሰሩ የሚያነበውን ከላይ ካለው ስሌት ጋር አነጻጽራለሁ፤ 430 ይሆናል ያልኩት 340 ከሆነ መኪናውን ሴንሰር ለውጠህ ተመለስ ብዬ እሰደዋለሁ።

የጅቡቲው ጥያቄ ግን መልስ አለው። የማላላው በሰንጠረዡ ላይ ከ450 ሚሊግራም አየር በታች ያሉትን ዓምዶች ነው። ባሕር ጠለል ላይ ሞተሩ ያለ ተርቦም 570 ገደማ ስለሚስብ፣ በሙሉ ጉልበት ሲነዳ ወደነዚያ ዓምዶች አይገባም፤ የፋብሪካው ቁጥር እንዳለ ያገኘዋል። ከሠራሁ በኋላም በጭስ መለኪያ እፈትሻለሁ፤ ለዚህ ዓይነት የቆየ ባለተርቦ ናፍጣ አውሮፓውያን በፍተሻ ጣቢያ በአጠቃላይ ከሚፈቅዱት የጭስ ጥቁረት ልክ፣ 3.0 በሜትር፣ ያለፈብኝ የለም።

መካኒኩ፦

የዓምዱን ነገር ተቀብያለሁ፤ ብዙ አስተካካዮች ሙሉ ሰንጠረዡን በመቶኛ ከፍ እንደሚያደርጉት ስለማውቅ እርስዎንም ከነሱ ቆጥሬዎት ነበር። የጭስ መለኪያውን ግን አልቀበልም። ያ ፍተሻ መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ ፔዳሉ በአንዴ ተረግጦ የሚደረግ ነው። ሞተሩ ከሥራ ፈት ዙር ተነስቶ በአንድና በሁለት ሰከንድ ውስጥ 1,500ን አልፎ ይሄዳል። እርስዎ የለወጡት ክፍል ግን መኪናው ተጭኖ ዳገት ላይ ለብዙ ሰከንድ የሚቆይበት ነው፤ ጣቢያው አያየውም። የሚያየው ከኋላ በእግሩ የሚወጣው ሰው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛው ምድብ ያስገባው ደግሞ ስለዚህ ሰው ነው። መኪናው አምስት ሰው ጭኖ፣ በሁለተኛ ማርሽ ከ1,400 ዙር ተነስቶ ወደ እንጦጦ ሲወጣ አየሩን፣ ናፍጣውንና ጭሱን አንድ ላይ መዝግበው ያሳዩኝ፤ ያኔ እንነጋገር።

አስተካካዩ፦

እመዘግባለሁ። 16.5 ላይ ጥቁር ካወጣ ወደ 17.5 እመልሰዋለሁ፤ ከስህተት ነጻ ነኝ አላልኩም። በፋብሪካው 18 ላይም ካጨሰ ግን ነገሩ ከእኔ ሰንጠረዥ አይደለም፤ ኢንጀክተሩን የሚፈቱት እርስዎ ነዎት።